ሙቁና ቀዝቃዛው የተቀያየረበት ቧንቧ፦ መጀመሪያ መቼ እንደጀመረ እወቁ

የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ ሲገጠም ሙቁ በግራ፣ ቀዝቃዛው በቀኝ ይሆናል። በብዙ አገር የቧንቧ ሥራ ደንብም የሚያዘው ይህንኑ ነው። እጃችን ስለለመደው ሳናይ እንከፍታለን። አደጋውም ያለው እዚህ ላይ ነው። 60 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በ5 ሰከንድ ገደማ ቆዳን ክፉኛ ያቃጥላል። ቀዝቃዛ መስሎት የከፈተ ሕፃን እጁን እስኪያሸሽ ያ ጊዜ ይበቃል። ስለዚህ "ለምደነዋል" ተብሎ የሚተው ነገር አይደለም። ቀይና ሰማያዊዋን ምልክት ገልብጦ መለጠፍም መፍትሄ አይሆንም። ፊቱን በሳሙና ሸፍኖ ዓይኑን የጨፈነ ሰው ቀለም አያይም።

መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ መልሱ። መቼ ጀመረ? ግድግዳ ውስጥ ያለ ቱቦ በራሱ ቦታ አይቀያየርም። መልሱ ሥራችሁን በግማሽ ያቀልላችኋል።

አዲሱ ቧንቧ ከተገጠመ ጀምሮ ከሆነ

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከእጅ መታጠቢያው ስር ባሉት ሁለት ፍሌክሲብሎች (ተጣጣፊ ቱቦዎች) ላይ ነው። ሙቁን ሁለት ደቂቃ ያህል አፍስሱና ከስር ሁለቱን አንግል ቫልቮች (ግድግዳው ላይ ያሉትን ትናንሽ መዝጊያዎች) በጥንቃቄ ዳስሱ። የቱ ሞቀ? የግራው ከሞቀ የግድግዳው መስመር ትክክል ነው፤ የተቀያየሩት ፍሌክሲብሎቹ ናቸው። የቀኙ ከሞቀ ግን መስመሩ ራሱ ከግድግዳ የወጣው ተገልብጦ ነው። ደስ የሚለው፣ ለእጅ መታጠቢያ በሁለቱም ሁኔታ ማስተካከያው አንድ ነው። ፍሌክሲብሎቹን ማቀያየር።

ሁለቱን አንግል ቫልቮች ዝጉ። ከሌሉ ወይም ካልዘጉ የቤቱን ዋና መዝጊያ ዝጉ። ከዚያ ቧንቧውን ከፍታችሁ የቀረውን ግፊት አስወጡ። ሙቁን ለማግኘት ያፈሰሳችሁት ውሃ ቱቦው ውስጥ ስላለ ትንሽ ጠብቁ፤ ያቃጥላል። ከስር ባልዲ አድርጉ።

የፍሌክሲብሉን ጫፍ ከላይ፣ ከቧንቧው ስር ለመፍታት አትሞክሩ። ቦታው ጠባብ ነው፤ መፍቻም አይዞርበትም። ከታች፣ ከአንግል ቫልቩ ላይ ፍቱት። በአንድ እጅ ቫልቩን በመፍቻ ያዙ፣ በሌላው እጅ በሁለተኛ መፍቻ ዳዶውን ፍቱ። ቫልቩን ሳትይዙ ከታገላችሁ ግድግዳ ውስጥ ያለው መገጣጠሚያ ሊላላ ይችላል፤ ያኔ ትንሹ ሥራ ሴራሚክ ወደ መስበር ያድጋል።

ዳዶው ውስጥ ያለችውን ጎማ እዩ። የደረቀች ወይም የተሰነጠቀች ከሆነች ቀይሯት። ውሃውን የምትይዘው እሷ ናት፤ እዚህ ላይ ቴፍሎን መጠቅለል ምንም አይጨምርም። መጀመሪያ በእጅ እስኪቆም አጥብቁ፣ ከዚያ በመፍቻ ሩብ ዙር። ከዚያ በላይ ማጥበቅ ጎማዋን ይበላታል። ፍሌክሲብሎቹ ቢጠላለፉ ችግር የለም። መታጠፍና መጠምዘዝ ግን የለባቸውም። ርዝመታቸው ካልደረሰ ረዘም ያለ ግዙ፤ ጎትቶ ማድረስ አያዋጣም።

ባለ ሁለት እጀታ ቧንቧ ከሆነ የውስጡን መክፈቻዎች ግራና ቀኝ አታቀያይሩ። በአንዳንዱ ሞዴል አንደኛው ወደ ቀኝ፣ ሌላኛው ወደ ግራ የሚከፍት ነው። ብታቀያይሯቸው እጀታዎቹ በተቃራኒ ይዞራሉ።

ቧንቧው ከተጠገነ ጀምሮ ከሆነ

ከስር ማንም ሳይነካ፣ የሚንጠባጠብ ቧንቧ ካርትሪጅ (ውስጡ ያለው ውሃውን የሚከፍትና የሚዘጋው ክፍል) ተቀይሮ ከዚያ በኋላ ከተገለበጠ፣ ጥፋቱ እዚያው ካርትሪጁ ላይ ነው። ባለ አንድ እጀታ ቧንቧ ላይ አንዳንዱ ካርትሪጅ በሁለት አቅጣጫ ሊገባ ይችላል። ለምሳሌ ሞይን የተባለ አምራች የሚሠራው 1225 ካርትሪጅ ግንዱ (እጀታው የሚሰካበት ዘንግ) ግማሽ ዙር ሲዞር ሙቁና ቀዝቃዛው ይቀያየራል።

ውሃውን ዝጉ። የምልክቷን ክዳን በቀጭን ካቻቢቴ አንሱ፣ ከስሯ ያለችውን ብሎን ፍቱ፣ እጀታውን አውጡ። ከዚያ ግንዱን ግማሽ ዙር አዙራችሁ ሞክሩ። ከስሩ ሁለት ጥርስ ያለው የሴራሚክ ካርትሪጅ ግን ብዙ ጊዜ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚገባው። አልገባ ካለ ጥርሱን ቆርጣችሁ አታስገቡት። ወደ ፍሌክሲብሎቹ ተመለሱ።

ሻወሩ ብቻ ከሆነ

ሁለት መታጠቢያ ቤቶች ጀርባ ለጀርባ አንድ ግድግዳ ሲጋሩ ይህ ይበዛል። ለአንዱ ግራ የሆነው ቱቦ ለሌላው ቀኝ ነው። ግንበኛው ሳያሻግረው ከደፈነው ተገልብጦ ይቀራል። እዚህ የሚቀያየር ፍሌክሲብል የለም። ካርትሪጁ የሚገለበጥ ከሆነ እድለኛ ናችሁ። ካልሆነ ግድግዳው ተከፍቶ መሻገር አለበት፤ ያ የባለሙያ ሥራ ነው።

ሙቀቱን በቁጥር የምታስተካክሉበት ቴርሞስታት ያለው ሻወር ከሆነ ደግሞ አትጠቀሙበት። መስመሩ ከተገለበጠበት ሙቀቱን መቆጣጠር ያቅተዋል። ለአንዳንድ ሞዴል ለተገለበጠ መስመር የተሠራ ካርትሪጅ ይሸጣል፤ መጀመሪያ እሱን ጠይቁ።

ለዓመታት ደህና ሆኖ ድንገት ከሆነ

ማንም ምንም ሳይነካ ከቀዝቃዛው በኩል ሙቅ መምጣት ከጀመረ፣ ቱቦ አልተቀያየረም። ሙቁ ውሃ በአንድ ያረጀ ማደባለቂያ (ሙቁንና ቀዝቃዛውን የሚያቀላቅል ቧንቧ) ውስጥ አልፎ ወደ ቀዝቃዛው መስመር እየገባ ነው። ፍሌክሲብል ብትቀያይሩ ነገሩን ታወሳስቡታላችሁ።

ፍተሻው ቀላል ነው። የቦይለሩን ኤሌክትሪክ አጥፉ። ወደ ቦይለሩ የሚገባውን ውሃ ዝጉ። አሁን አንዱን ሙቅ ቧንቧ ብቻ ክፈቱ። ትንሽ ፈስሶ መቆም አለበት። ሳያቋርጥ ከቀጠለ የሆነ ቦታ ቀዝቃዛው ወደ ሙቁ መስመር እየተሻገረ ነው፤ ሙቁም ወደ ቀዝቃዛው የሚያልፈው በዚያው ነው። የእያንዳንዱን እጅ መታጠቢያ የቀዝቃዛውን አንግል ቫልቭ በተራ ዝጉ። ሲዘጋ ፍሰቱን ያቆመው ጥፋተኛው ነው፤ ካርትሪጁን ቀይሩለት። የትኛውም ካላቆመው የሻወሩን ማደባለቂያ ጠርጥሩ። ጫፉ ላይ ብቻ እየተዘጋ ማደባለቂያው ክፍት የሚተው የእጅ ሻወር ካለም መጀመሪያ እሱን ከማደባለቂያው ዝጉ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ እሱ ነው።

ስትጨርሱ ቦይለሩ ሞልቶ ከሙቁ ቧንቧ አየር የሌለበት ውሃ እስኪወርድ ድረስ ኤሌክትሪኩን አታብሩ። የነካችሁትን ዳዶ ሁሉ በደረቅ ሶፍት ጥረጉና አንድ ሰዓት ቆይታችሁ እንደገና ጥረጉት። ሶፍቱ ከረጠበ ትንሽ ጨምራችሁ አጥብቁ።