በምናባዊ ልቦለድ ውስጥ ፍቅርን ሁለተኛ ክር አድርጎ እንዴት መጻፍ ይቻላል

ምትሃት ዋናው ታሪክ፣ ፍቅር ደግሞ የጎኑ በሆነበት ልቦለድ ውስጥ ትልቁ ስህተት ፍቅሩን ማረፊያ ማድረግ ነው። ታሪኩ ቆሞ ሁለቱ ሲተያዩ አንባቢ ገጽ ይዘላል። ፍቅሩ ዋናውን ታሪክ መግፋት አለበት። ከወሎ አፈ ታሪክ ተነሥተን እንሞክረው።

መጀመሪያ የዋናውን ታሪክ ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ሐይቅ ስለሚባለው የወሎ ሐይቅ ሲተረክ፣ ልዕልት አንዲትን ነፍሰ ጡር በደለች፤ እግዚአብሔርም ተቆጥቶ ዙሪያውን ውኃ አደረገው፤ ሴትየዋ የተቀመጠችበት፣ ዛሬ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት መሬት ብቻ ተረፈ ይባላል። እንግዲህ ውኃው ዳግም ቢነሣ የዚያች ሴት ዘር የሆነች ልጅ ታቆመው ይሆን? እዚህ ላይ ፍቅርን አትጥሩት።

ቀጥሎ ለሚወደደው ሰው የራሱን ሥራ ስጡት። የእኛው ሰው በአምባሰል ገደል በገመድ እየወረደ ማር ይቆርጣል። ንቦቹ ገደሉን ጥለው መሄዳቸውን ያየ እሱ ነው፤ ልጅቷን ፍለጋ የመጣውም ለዚሁ ነው።

ሦስተኛ፣ የምትሃቱን ዋጋ ከፍቅሩ ጋር እሰሩት። ልጅቷ ውኃውን ባቆመች ቁጥር ከሁሉ አብልጣ የምትወደው ሰው ድምፅ ከጆሮዋ ይጠፋል። የእናቷ ድምፅ ቀድሞ ጠፍቷል። ቀጥሎ የማን እንደሚሆን እሷም አታውቅም።

አሁን ወደ ትዕይንቱ። ሦስት ወይም አራት ይበቃል፤ እያንዳንዱ ግን የነገን ድርጊት ይለውጥ። ቡና ተፈልቷል እንበል። በአቦሉ ስለ ውኃው ያወራሉ። በቶናው ሲኒውን በጣቶቹ ጫፍ ብቻ መያዙን ታያለች፤ መዳፉን ገመድ ልጦታል። አትጠይቀውም። በበረካው ለጋ ቅቤ አምጥታ ዝም ብላ ታስቀምጥለታለች። “እወድሃለሁ” የሚል ቃል አታስገቡ፤ ቅቤው ብሎታል። በማግስቱ በእሱ ፈንታ እሷ ወደ ገደሉ ዋሻ ትወርዳለች፤ እሱ ከላይ ሆኖ እግሯን የት እንደምታሳርፍ ይነግራታል። ውኃው ከታች ሲነሣ ታቆመዋለች። ቀና ስትል አፉ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለም። ማንን እንደምትወድ ያወቀችው በገመዱ ላይ ተንጠልጥላ ነው።

ረቂቁ ሲያልቅ የፍቅሩን ገጾች በሙሉ አውጥታችሁ የቀረውን አንብቡ። ልጅቷ ያለ እነርሱም ከገደሉ ከወጣች ፍቅሩ ገና አልገባም፤ ወደ ቡናው ትዕይንት ተመለሱ። ምንም ታሪክ ካልቀረ ደግሞ ሐይቁን ረስታችሁታል።

የመጨረሻውን ምዕራፍ ለውኃው ተዉት። ለሁለቱ አንድ አንቀጽ ይበቃቸዋል፤ እሱ ሲኒ እየሰጣት ይናገራል፣ እሷ ከንፈሩን ታያለች።