ዕዳ ያለበት ኩባንያ እንዴት ይዘጋል?

በሩን ቆልፎ ስልክ ማጥፋት ኩባንያ መዝጋት አይደለም። ኩባንያው በንግድ መዝገብ ላይ እስካለ ድረስ ግብር ማስታወቅ ይጠበቅበታል፣ ቅጣት ይቆጥርበታል፣ ይከሰሳል። ይሄን የምጽፈው ኃላፊነቱ የተወሰነ ትንሽ ኩባንያ ኖሯችሁ ዕዳው አላንቀሳቅስ ላላችሁ ሰዎች ነው። ዝርዝሩ ከአገር አገር ይለያያል፤ አካሄዱ ግን ብዙም አይራራቅም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። መክሰር በራሱ ጥፋት አይደለም። ጣጣው የሚመጣው ኩባንያው እንዳበቃለት ካወቃችሁበት ቀን ጀምሮ እስክታቆሙ ድረስ ባለው ጊዜ ነው። ለማን ከፈላችሁ? ምን ሸጣችሁ? ከማን ቀብድ ተቀበላችሁ? በኋላ መዝገቡን የሚያገላብጠው ሰው ዓይኑ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ያላችሁበትን ቦታ እወቁ። ሁለት ጥያቄ ይበቃል። የመክፈያ ቀናቸው የደረሱትን ዕዳዎች አሁን መክፈል ትችላላችሁ? ያለው ንብረት ሁሉ ዛሬ ቢሸጥ ዕዳውን ሁሉ ይሸፍናል? ለሁለተኛው መልስ ስትሰጡ የሒሳብ መዝገቡ ላይ ያለውን ዋጋ እርሱት። በመዝገብ 300 ሺህ የሚል ማሽን በጥድፊያ ሲሸጥ ግማሹን ላያወጣ ይችላል፤ የቢሮ ጠረጴዛና ወንበር ደግሞ ለማጓጓዣው ከበቃ ጥሩ ነው።

ከዚያ የዕዳ ዝርዝር ሥሩ። ኤክሴልም ይሁን ደብተር ግድ የለም። ማን፣ ስንት፣ ከመቼ ጀምሮ፣ መያዣ አለው ወይ፣ በግል ዋስ የሆነ ሰው አለ ወይ፣ ዕዳውን ታምኑበታላችሁ ወይስ ትከራከሩበታላችሁ። ሰው ሁልጊዜ የሚረሳው ገና ደረሰኝ ያልተቆረጠለትን ዕዳ ነው፦ የቀሪው ዘመን የቢሮ ኪራይ፣ የሠራተኛ ስንብት ክፍያና ያልተወሰደ ዓመት ፈቃድ፣ ለደንበኛ የተሰጠ ዋስትና፣ ፍርድ ቤት ያለ ክርክር። ይሄ ዝርዝር ሲያልቅ ደስ አይልም፤ ግን ከዚህ በኋላ የምታናግሩት ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።

ሁለቱ ጥያቄዎች ላይ መልሳችሁ "አዎ" ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ባለአክሲዮኖች ተሰብስበው ቃለ ጉባኤ ይይዛሉ፣ ሒሳብ አጣሪ (ንብረቱን ሸጦ ዕዳውን የሚከፍልና ኩባንያውን የሚዘጋ ሰው) ይሾማል፣ ዕዳ ይከፈላል፣ የተረፈውን ትካፈላላችሁ፣ ስሙ ከመዝገብ ይሰረዛል። ዕዳው ትንሽ ከሆነም ሁሉንም ባለገንዘብ (ከኩባንያው ገንዘብ የሚፈልገውን ሁሉ) አነጋግሮ በስምምነት ቀንሶ መጨረስ ይቻላል፤ ግን በጽሑፍ፣ "ቀሪው ተምሯል" የሚል ቃል ያለበት፣ የተፈረመ። ሥራው ራሱ የሚያተርፍ ሆኖ ያረጀ ዕዳ ብቻ ከሆነ አንቆ የያዘው፣ ከመዝጋት በፊት መልሶ የማደራጀት ሥርዓት አገራችሁ ውስጥ መኖሩን ጠይቁ።

ከሁለቱ ለአንዱም ቢሆን መልሱ "አይ" ከሆነ ግን መንገዱ የመክሰር ሥርዓት ነው፤ በፍርድ ቤት ወይም እንደ አገሩ ሕግ በባለገንዘቦች በኩል። "ዝም ብዬ ከመዝገብ ባሰርዘውስ?" የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። አያዋጣም። ለምሳሌ እንግሊዝ ውስጥ ስሙን ለማሰረዝ ስታመለክቱ ለባለገንዘቦቹ ማሳወቅ ግዴታ ነው፣ እነሱም መቃወም ይችላሉ፤ ከተሰረዘ በኋላም በ6 ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት ሄደው ወደ መዝገቡ ሊያስመልሱት ይችላሉ። በስሙ የቀረ ገንዘብ ካለ ደግሞ ለእናንተ አይመለስም፣ ለመንግሥት ነው የሚሄደው።

ጊዜውም ገደብ አለው። ጀርመን ውስጥ መክፈል ያቃተው ኩባንያ ኃላፊ ቢበዛ በ3 ሳምንት ውስጥ ማመልከት አለበት። ፈረንሳይ ውስጥ 45 ቀን ነው። "እስቲ አንድ ወር ልየው" እያሉ ዓመት የሚቆዩ ሰዎች አሉ፤ እያንዳንዱ ወር ደግሞ አዲስ ዕዳና አዲስ ተጠያቂነት ይዞ ይመጣል። ለባለሙያ የሚከፈለው ገንዘብም በዚያው ይበላል። ሒሳብ አጣሪም ጠበቃም በነፃ አይሠሩም። ባንክ ውስጥ ትንሽ ነገር እያለ ማቆም በሥርዓት ለመዝጋት አቅም ይሰጣችኋል።

አሁን ወደ ኪሳችሁ እንምጣ። ኩባንያው ከእናንተ የተለየ ሰው ነው። አሮን ሰሎሞን የሚባል የለንደን ጫማ አምራች ሥራውን ለራሱ ኩባንያ ሸጠ፤ ባለአክሲዮኖቹ እሱ፣ ሚስቱና ልጆቹ ነበሩ። ሲከስር "ይሄ ኩባንያ አንተው ነህ፣ ክፈል" ተባለ፤ ያኔ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ የነበረው የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ1896 "አይ፣ ኩባንያው ለብቻው ነው" ብሎ ወሰነለት። ይሄ መርህ ዛሬም አለ። ግን ቀዳዳ አለው፣ ቀዳዳዎቹንም አንድ በአንድ ማየት አለባችሁ።

ትልቁ የግል ዋስትና ነው። ባንኩ ሲያበድር፣ አከራዩ ሲያከራይ፣ አንዳንዴም ዕቃ አቅራቢው በዱቤ ሲሰጥ የፈረማችሁትን ወረቀት ሁሉ አውጡ። "የአንድነትና የነጠላ ዋስትና" የሚል ካለ ኩባንያው ቢሞትም ዕዳው እናንተ ላይ ይቀራል፤ ከሁለት ዋሶች አንዱ ብቻ ቢገኝ ሙሉውን ከሱ መጠየቅ ይቻላል። ቀጥሎ ከኩባንያው እየወሰዳችሁ ያልመለሳችሁት ገንዘብ አለ። ሒሳብ አጣሪው እንደ ማንኛውም ተበዳሪ ይጠይቃችኋል። ቃል ገብታችሁ ያልከፈላችሁት ካፒታልም እንደዚያው። ከሠራተኛ ደመወዝ የተቆረጠ ግብርና ጡረታ፣ ከደንበኛ የተሰበሰበ ቫት ደግሞ በብዙ አገር ኃላፊውን በግል ያስጠይቃል። ገንዘቡ የኩባንያው አልነበረማ፤ በእጃችሁ አለፈ እንጂ። በቂ ስንቅ (ባንክ ውስጥ ያለ ገንዘብ) የሌለው ቼክ መጻፍም በብዙ ቦታ ወንጀል ነው፤ ቀኑ ያልደረሰ ቼክ ሰው እጅ ካለ ዝርዝሩ ላይ በቀይ ጻፉት።

ማቆሚያው ቀን ላይ ምን ይደረጋል? አዲስ ትእዛዝ አትቀበሉ፣ በተለይ ቀብድ። ዕቃ በዱቤ አታንሱ። የእናንተ ያልሆነውን ለዩ፦ ደንበኛ ለጥገና ያስቀመጠው፣ በኪራይ የመጣ ማሽን፣ ዋጋው እስኪከፈል ባለቤትነቱ የሻጩ ነው ተብሎ የተፈረመበት ዕቃ። ሒሳባችሁ ያለው ብድር በወሰዳችሁበት ባንክ ከሆነ የሚገባውን ገንዘብ ለብድሩ ሊያቻችለው እንደሚችል አስቡ፤ ሌላ ባንክ ሒሳብ ከመክፈታችሁ በፊት ግን ጠበቃ አማክሩ፣ ማሸሽ እንዳይመስል።

ደግሞ ለዘመድ አትክፈሉ። አውቃለሁ፣ ከባድ ነው። የወንድም ብድር አለ፣ የአማት ብድር አለ፣ ፊታቸውን ማየት ያሳፍራል። ግን ሌላው ባለገንዘብ ምንም ሳያገኝ ለእነሱ ብትከፍሉ ክፍያው ሊፈርስ ይችላል። እንግሊዝ ውስጥ ለሌላ ሰው የተደረገ አድሏዊ ክፍያ እስከ 6 ወር፣ ለቅርብ ሰው ግን እስከ 2 ዓመት ወደ ኋላ ተሄዶ ይመረመራል። ስለዚህ ወንድማችሁን ጠቀምኩት ብላችሁ ገንዘቡ ከእጁ ከወጣ በኋላ መልስ የሚል ክስ ነው የምታሸክሙት። ማሽኑን ወይም መኪናውን ራሳችሁ መግዛት ብትፈልጉ ይቻላል፤ በገለልተኛ ሰው ተገምቶ፣ በሒሳብ አጣሪው በኩል፣ ገንዘቡ በባንክ ገብቶ። በጓደኛ ስም በርካሽ ማዛወር ግን ዓይን ያወጣ ማጭበርበር ነው፣ ደግሞም በቀላሉ ይታወቃል።

ለባለገንዘቦች በአንድ ቀን፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ደብዳቤ ላኩ። ረጅም አይሁን። "ኩባንያችን ዕዳውን በወቅቱ መክፈል ስላልቻለ ከዛሬ ጀምሮ ሥራ አቁሟል። ለሁሉም ባለገንዘቦች እኩል ለመሆን ሲባል ለማንም በተናጠል ክፍያ አንፈጽምም። ሒሳብ አጣሪ እንደተሾመ አድራሻውን እናሳውቃለን። እስከዚያው ያለብንን የሒሳብ መጠን ከማስረጃ ጋር ላኩልን።" በቃ። የይቅርታ ድርሰት አያስፈልግም፣ የመክፈያ ቀንም አትስጡ። ስልክ የሚደውለው ሰው "ለኔ ብቻ ዝም ብለህ ላክልኝ" ሲላችሁ ደብዳቤውን አስታውሱት፤ መልሱ ያው ነው። ሠራተኞች ግን ከደብዳቤው በፊት ከእናንተ አፍ ይስሙ፣ የሥራ ልምድ ወረቀታቸውንም ቶሎ ስጧቸው።

ገንዘቡ በመጨረሻ እንዴት እንደሚከፋፈል በቁጥር እንየው። ዕዳው 900 ሺህ ነው እንበል፦ ባንክ 250፣ ደመወዝ 60፣ ግብር 40፣ ሌሎች 550። ለባንኩ የተያዘው ማሽን በ200 ሺህ ተሸጠ፤ ባንኩ ወሰደው፣ 50 ሺህ ቀረው፣ በዚያ ከሌሎቹ ጋር ይሰለፋል። ቀሪው ንብረት 200 ሺህ አወጣ። ከዚህ የማጣራት ወጪ 40፣ ደመወዝ 60፣ ግብር 40 ሲቀነስ 60 ሺህ ይቀራል። የሚጠይቁት ግን ባንኩን ጨምሮ 600 ሺህ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ከ100 ላይ 10 ያገኛል፤ ባለአክሲዮን ምንም። ቅደም ተከተሉ እንደ ሕጉ ይለያያል፤ ለምሳሌ በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛ ክፍያ ከሌሎች ዕዳዎች ቀዳሚነት አለው። ማን ቀድሞ ይውሰድ የሚለውን የምትወስኑት ግን እናንተ አይደላችሁም።

ሒሳብ አጣሪው ከተሾመ በኋላ ሥልጣኑ የሱ ነው። ቁልፍ፣ ማኅተም፣ የቼክ ደብተር፣ የይለፍ ቃል አስረክባችሁ ፊርማ ተቀበሉ። ሲጠይቃችሁ መልሱ። መዝገብ የጠፋበት ወይም የተደበቀበት ኃላፊ ነው ብዙ ጊዜ የሚቀጣው፤ እንግሊዝ ውስጥ ከ2 እስከ 15 ዓመት ኩባንያ እንዳይመራ ሊታገድ ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። የሒሳብ ሶፍትዌሩ በወር ክፍያ የሚሠራ ከሆነ ካርዱ ገንዘብ ያጣ ቀን መግባት ልትከለከሉ ትችላላችሁ። የኩባንያው ኢሜይልም በዶሜኑ (በየጊዜው በሚከፈልበት የኢንተርኔት አድራሻ ስሙ) ላይ የተንጠለጠለ ነው። ስለዚህ ከማቆማችሁ በፊት ደረሰኞችን፣ የደመወዝ ዝርዝሩን፣ የባንክ መግለጫውንና ዋና ዋና የኢሜይል ልውውጦችን አውርዳችሁ ሁለት ቦታ አስቀምጡ። የሒሳብ መዝገብ ለዓመታት የመያዝ ግዴታው ኩባንያው ሲዘጋ አብሮ አይዘጋም።

አዲስ ሥራ መጀመር ትችላላችሁ፣ በአሮጌው ስም ላይ ግን ተጠንቀቁ። እንግሊዝ ውስጥ ከስሮ በማጣራት ላይ የገባ ኩባንያ ኃላፊ የነበረ ሰው ያንኑ ወይም የሚመሳሰል ስም ለ5 ዓመት ያለ ፈቃድ መጠቀም አይችልም።

የግል ዋስትናውን ለብቻው ተደራደሩ። ባንኩ ኩባንያው ጋ ምንም እንደሌለ ሲያውቅ አንድ ጊዜ የሚከፈል ቅናሽ ያለው ገንዘብ ሊቀበል ይችላል፤ በተለይ እውነተኛውን የግል ሀብታችሁን በወረቀት ካሳያችሁት። ተስማምታችሁ ስትከፍሉ "ዋሱ ከግዴታው ሙሉ በሙሉ ነፃ ሆኗል" የሚል፣ የውሉ ቁጥር ያለበት ደብዳቤ ተቀበሉ። ከቤቱ ወይም ከመኪናው ላይ እግድ ካለም እንዲነሳ ለመዝጋቢው ክፍል የተጻፈውን ደብዳቤ ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ።