ብቻውን ነድቶ የሚመጣውን ሠራተኛ መቀነስ፦ የደቡብ ካሊፎርኒያን ደንብ 2202 እንዴት መፈጸም ይቻላል?

ሎስ አንጀለስ አካባቢ ትልቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ፣ አንድ ቀን ድንገት የሠራተኞች ትራንስፖርት አስተባባሪነት ሊሰጣችሁ ይችላል። ቅጹ ብዙ ነው፤ ስሌቱም መጀመሪያ ላይ ያስፈራል። የሚጠየቀው ነገር ግን አንድ ነው፦ ጠዋት ወደ ሥራ ቦታው የሚመጣውን መኪና ቀንሱ።

ይህን የሚጠይቀው የሳውዝ ኮስት የአየር ጥራት አስተዳደር ነው። ኦሬንጅ ካውንቲን ሙሉውን፣ ከሎስ አንጀለስ፣ ከሪቨርሳይድና ከሳን በርናርዲኖ ካውንቲዎች ደግሞ ብዙ ሕዝብ የሚኖርበትን ክፍል ይቆጣጠራል። አካባቢው በተራሮች የታጠረ ነው። ከላይ የሚተኛው ሞቃት አየር ጭሱን እንደ ክዳን አፍኖ ይይዘዋል። ከመኪና የሚወጣው ናይትሮጅን ኦክሳይድና የነዳጅ ትነት ፀሐይ ሲያገኛቸው ኦዞን ይፈጠራል። ጠዋት የወጣው ጭስ ከሰዓት በኋላ አስም ያለበትን ልጅ ያስላል። ደንቡ በጠዋቱ ጉዞ ላይ ያተኮረው ያለ ምክንያት አይደለም።

የመጀመሪያው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ያኔ በአንድ ቦታ 100 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለውን ቀጣሪ ሁሉ ይመለከት ነበር። በ1995 መጨረሻ ደንብ 2202 ጸደቀ። አሁን የሚመለከተው 250 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለበትን የሥራ ቦታ ነው።

1. መጀመሪያ ሰው ቁጠሩ

የሚቆጠረው ድርጅቱ በጠቅላላው ያለው ሠራተኛ ሳይሆን በአንድ የሥራ ቦታ ያለው ነው። በከፊል ሰዓት የሚሠራውም ይገባል። ያለፉትን ስድስት ወራት አማካይ ውሰዱ። 250 ከሞላ ለአስተዳደሩ በጽሑፍ ማሳወቅ ግዴታ ነው።

2. መንገዳችሁን ምረጡ

ሦስት ምርጫ አለ። አንደኛው የሠራተኛውን ጉዞ ራሱን መቀነስ ነው። ሁለተኛው በሌላ መንገድ የተቀነሰ ብክለትን፣ ለምሳሌ ያረጁ መኪኖችን ከመንገድ በማስወጣት የተገኘን፣ በክሬዲት መልክ ገዝቶ ማስመዝገብ ነው። ሦስተኛው በሠራተኛ ብዛት ተሰልቶ ለአየር ጥራት ፈንድ መክፈል ነው።

ገንዘብ መክፈሉ ቀላል ነው፤ ገንዘቡም ብክለት ለሚቀንሱ ሥራዎች ይውላል። እኔ ግን የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ሠራተኛው በየቀኑ ከሚጨርሰው ነዳጅና ትራፊክ ላይ ከሚያባክነው ሰዓት የሚያተርፍለት ይህ መንገድ ብቻ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን መንገድ ለመረጠ ነው። አስተባባሪው አስተዳደሩ የሚሰጠውን ሥልጠና መውሰድ እንዳለበት አትርሱ።

3. ግባችሁን እወቁ

መለኪያው አማካይ የተሳፋሪ ቁጥር ይባላል፤ በሥራ ቋንቋ ኤቪአር ነው። በአሜሪካ ሰዓት ከጠዋቱ 6 እስከ 10 ሥራ የሚገቡትን ሰዎች፣ ይዘዋቸው በመጡት መኪኖች ማካፈል ነው። መሀል ሎስ አንጀለስ ግቡ 1.75 ነው። ራቅ ባሉት አካባቢዎች 1.3፣ በቀረው 1.5 ነው። 1.5 ማለት ለሦስት ሰው ሁለት መኪና ማለት ነው።

4. መጠይቁን በደንብ አስሞሉ

ብዙ ድካም የሚጠፋው እዚህ ነው። መጠይቁ ከሰኞ እስከ ዓርብ ያለውን አንድ የተለመደ ሳምንት ይሸፍናል። በዓል ያለበትን ሳምንት አትምረጡ። በጠዋቱ ሰዓት ከሚገቡት ቢያንስ 60 በመቶው መመለስ አለባቸው።

ያልመለሰ ሰው ደግሞ ብቻውን ነድቶ እንደመጣ ይቆጠራል። በአውቶቡስ የሚመጣ ሠራተኛ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ቢረሳው፣ በወረቀት ላይ አምስት መኪና ጨመረባችሁ ማለት ነው። ስለዚህ ኢሜይል ልካችሁ አትቀመጡ። የየክፍሉ ኃላፊ በስብሰባ ላይ አምስት ደቂቃ ሰጥቶ እዚያው ያስሞላ። ሱፐርቫይዘሩ ከጠየቀ ሰው ይመልሳል።

5. አስሉት

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። 300 ሰው በጠዋቱ ሰዓት ይገባል እንበል። በአምስት ቀን 1,500 ጉዞ ነው። ከዚህ ውስጥ 1,000 ጉዞ ለብቻ በመንዳት የተደረገ ነው፤ 1,000 መኪና። 200 ጉዞ ሁለት ሁለት ሆኖ በካርፑል፣ ማለትም አንድ መኪና ተጋርቶ በመምጣት ነው፤ 100 መኪና። 60 ጉዞ ሦስት ሦስት ሆኖ ነው፤ 20 መኪና። የቀረው 240 ጉዞ በአውቶቡስ፣ በባቡር፣ በብስክሌት፣ በእግር፣ ከቤት በመሥራትና ሰዓቱን በአራት ቀን ጨርሶ በማረፍ ነው። ለእነዚህ መኪና አይመዘገብም።

በድምሩ 1,120 መኪና ሆነ። 1,500ን ለ1,120 ስታካፍሉ 1.34 ገደማ ይመጣል። ግቡ 1.5 ከሆነ መኪናው ወደ 1,000 መውረድ አለበት። የሚቀነሰው 120 መኪና በሳምንት፣ ማለትም 24 በቀን ነው። ለአለቃችሁ 1.34 እና 1.5 ብላችሁ አታስረዱ፤ "በቀን 24 መኪና ይቀርልን" በሉ። ብቻቸውን ከሚነዱት 120 ሰዎች በሳምንት አንድ ቀን ከቤት ቢሠሩ ግቡ ሞላ።

6. ሰው መኪናውን ቤት እንዲተው የሚያደርገውን ስጡ

ፖስተር መለጠፍና ሽልማት ማውጣት ክፉ አይደለም። ግን ሰው መኪናውን የማይተወው መረጃ አጥቶ አይደለም። "ልጄ ትምህርት ቤት ብትታመምስ? አለቃዬ ቢያስመሸኝስ?" ብሎ ነው። ይህን ስጋት ሳታነሱ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። መልሱ የተረጋገጠ የመመለሻ ጉዞ ነው፦ በካርፑል ወይም በባቡር የመጣ ሰው ድንገተኛ ነገር ቢገጥመው መሥሪያ ቤቱ የታክሲውን ይከፍላል። ቀጣሪዎች ወጪው ይበዛብናል ብለው ይፈራሉ። ሠራተኛው ግን አብዛኛውን ጊዜ አይጠቀምበትም፤ መኖሩን ማወቁ ይበቃዋል።

ቀጥሎ የፓርኪንጉ ነገር አለ። ነፃ ፓርኪንግ ለሚነዳው ብቻ የሚሰጥ ጥቅማ ጥቅም ነው። በእግሩ የሚመጣው ምንም አያገኝም። ካሊፎርኒያ በ1992 ባወጣችው ሕግ፣ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለውና ፓርኪንግ ተከራይቶ ለሠራተኛው የሚሰጥ ቀጣሪ፣ ቦታውን ለማይፈልግ ሠራተኛ የኪራዩን ገንዘብ በጥሬው እንዲሰጥ ታዟል። የዩሲኤልኤው (በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ) ፕሮፌሰር ዶናልድ ሹፕ ይህን ያደረጉ 8 ቀጣሪዎችን አጥንተው በ1997 ውጤቱን አወጡ። ብቻቸውን የሚነዱት ከ76 በመቶ ወደ 63 በመቶ ወርደዋል። ቀጣሪዎቹ የጨመሩት ወጪ በአማካይ በወር በሠራተኛ 2 ዶላር ብቻ ነበር። ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ለፋይናንስ ክፍል ማቅረብ ይከብዳል።

ካርፑል ስታገናኙ ሰፈርን ብቻ አትዩ፤ የመግቢያና የመውጫ ሰዓታቸው ይግጠም። መጀመሪያ አብረው ቡና ይጠጡ፤ ከማያውቁት ሰው ጋር በየቀኑ ፍሪዌይ ላይ አንድ ሰዓት መቀመጥ ቀላል አይደለም። ከተቻለ ደግሞ እርስ በርስ ከየቤታቸው ይለቃቀሙ። የቀዘቀዘ ሞተር ሲነሳ ጭስ የሚያጣራው ካታሊቲክ ኮንቨርተር ገና ስላልሞቀ፣ ብዙው ብክለት የሚወጣው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው። እያንዳንዱ እስከ መገናኛው ቦታ በየራሱ መኪና ከመጣ፣ ቁጥሩ ቢያምርም አየሩ የሚያተርፈው ያንሳል።

የአውቶቡስና የባቡር ትኬት ወጪ እስከ ተወሰነ ወርሃዊ ጣሪያ ከታክስ በፊት ከደመወዝ እንዲቀነስ የፌዴራል ሕግ ይፈቅዳል። የደመወዝ ክፍሉን ጠይቁ፤ አንዴ ከተዘረጋ ብዙ ሥራ የለውም።

7. አስገቡ፣ ከዚያም ያላችሁትን አድርጉ

ግቡ ላይ አለመድረስ በራሱ አያስቀጣም። ጉዞውን እንዴት እንደምትቀንሱ ጽፋችሁ ለአስተዳደሩ የምታስገቡት ዕቅድ ግን ከልብ ጥረት ማድረጋችሁን ማሳየት አለበት። የሚያስጠይቀው ዕቅዱን አለማስገባት ወይም የጻፋችሁትን አለመፈጸም ነው። ስለዚህ የማታደርጉትን አትጻፉ። የተሞላውን መጠይቅ፣ የተከፈለውን የታክሲ ደረሰኝ፣ ለሠራተኛው የላካችሁትን ማስታወቂያ ሁሉ አስቀምጡ፤ ተቆጣጣሪ ሲመጣ የሚያየው እሱን ነው።

በዓመቱ መሀል አዲስ የሚቀጠረውን ሰው አትርሱት። የትራንስፖርት አማራጮቹን ሥራ በጀመረበት ቀን ንገሩት፤ የፓርኪንግ ካርድ ከመውሰዱ በፊት።