ፍራንክፈርት ላይ ሁለተኛው አውሮፕላን ጥሏችሁ እንዳይሄድ

አክስቴ ከፍኖተ ሰላም ተነስታ ስቶክሆልም ያለችውን ልጇን ልትጠይቅ የሄደች ጊዜ፣ ፍራንክፈርት ላይ አውሮፕላኑ ጥሏት ሄደ። የነበረችው ግን በሩ ፊት ለፊት ነው። ማለዳ ደርሳ፣ የፓስፖርቱን ወረፋ ጨርሳ፣ ሰው ጠይቃ በሩን አግኝታ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ቁጭ ብላለች። ቦርዲንግ ፓሷ ላይ 07:35 ይላል። "ሰባት ሰዓት ተኩል ቀትር አልፎ አይደል? ገና ነው" ብላ ዳዊቷን ትደግማለች። ሰዎች ሲሰለፉ አይታለች። የሌላ በረራ ተሳፋሪዎች መስለዋታል። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1:35 ሳይሞላ በሩ ተዘጋ።

ሠራተኞቹ አዝነውላት ከሰዓት በኋላ በነበረው በረራ አሳፈሯት። ግዴታ አልነበረባቸውም። ልጇ ግን ያን ቀን ስቶክሆልም ቆማ ያየችው ጭንቀት እስካሁን ከልቧ አልወጣም።

እኔ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። በፍራንክፈርት በኩል ራሴም አልፌያለሁ። ከአክስቴ ወዲህ ዘመድ ወይም ጎረቤት ወደ ውጭ ሊሄድ ሲል ቲኬቱን ተቀብዬ መስመር በመስመር አየዋለሁ። እስካሁን እንዳየሁት ትራንዚት፣ ማለትም መንገድ ላይ አውሮፕላን መቀየር፣ በአብዛኛው የሚበላሸው እዚሁ አገር ቤት ነው። ቲኬት ሲቆረጥ፣ ሰዓት ሲነበብ፣ ሻንጣ ሲታሰር።

ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ማንበብ

ይሄ ከሁሉም የከፋው ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልናገር። ቲኬት ላይ ያለው ሰዓት የሚቆጠረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው። 07:35 ጠዋት ነው። 13:15 በእኛ ከቀኑ 7:15 ነው። ይሄን ብዙ ሰው ያውቃል። ግን ድካም አለ፣ እንቅልፍ ማጣት አለ፣ ግራ መጋባት አለ። ሰው ሲደክመው ወደለመደው ይመለሳል።

ቀኑ ደግሞ ከሰዓቱ ይብሳል። ከቦሌ ወደ አውሮፓ የሚሄዱ ብዙ በረራዎች ሌሊት ናቸው። ቲኬቱ "ረቡዕ 00:10" ቢል፣ በእኛ አነጋገር ማክሰኞ ማታ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6:10 ማለት ነው። ለእኛ ቀን የሚለወጠው ሲነጋ ነው። ለፈረንጅ የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ስለዚህ "ረቡዕ ሌሊት ነው በረራዬ" ብሎ ረቡዕ ማታ ቦሌ የደረሰ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው። ቲኬቱ ላይ ከ00:00 እስከ 05:59 ያለ ሰዓት ካያችሁ፣ በትልቁ "ለእንዲህ ቀን አጥቢያ" ብላችሁ በአማርኛ ጻፉበት። አያቶቻችን የተዉልን ቃል እዚህ ላይ በደንብ ይሠራል። ለረቡዕ 00:10 በረራ ቦሌ መገኘት ያለባችሁ ማክሰኞ ማታ 3 ሰዓት ላይ ነው።

ጀርመን ደግሞ ከእኛ ወደኋላ ናት። ከፈረንጆቹ ማርች የመጨረሻ እሑድ እስከ ኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ በ1 ሰዓት፣ በቀረው ጊዜ በ2 ሰዓት። ይሄን በጭንቅላት ለማስላት አትሞክሩ። አውሮፕላኑ ሲያርፍ የእጅ ሰዓታችሁን ኤርፖርቱ ግድግዳ ላይ ካለው ሰዓት ጋር አስተካክሉ። ስልካችሁ ላይ የኢትዮጵያ ሰዓት የሚያሳይ አፕ ካለ ለዚያ ቀን አጥፉት። ቲኬት ላይ የሚጻፈው ምንጊዜም የየከተማው የራሱ ሰዓት ነው።

ሁለት የተለያየ ቲኬት መግዛት

አንዱን አዲስ አበባ–ፍራንክፈርት፣ ሌላውን ፍራንክፈርት–ቶሮንቶ ብሎ ለየብቻ መግዛት አንዳንዴ ይረክሳል። የምትቆጥቡት ብር ግን ምን እንደሚያስከፍላችሁ አስቡ። የመጀመሪያው አውሮፕላን ቢዘገይ ሁለተኛው አየር መንገድ አያውቃችሁም። አዲስ ቲኬት ከኪሳችሁ ነው። ሻንጣውም ብዙ ጊዜ እስከ መጨረሻው አይላክም። ፍራንክፈርት ላይ ወጥታችሁ ተቀብላችሁ እንደገና ማስመዝገብ ይኖርባችኋል። ለመውጣት ደግሞ የሸንገን ቪዛ፣ ማለትም ብዙዎቹ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚቀበሉት መግቢያ ቪዛ፣ ያስፈልጋል። የካናዳ ቪዛ ብቻ የያዘ ሰው ሻንጣው ግድግዳው ወዲያ ማዶ እየዞረ እሱ ወዲህ ይቀራል።

አንድ ቲኬት፣ አንድ የቦኪንግ ቁጥር ይሁን። ከባሕር ዳር በአውሮፕላን የምትነሱ ከሆነም ያን በረራ እዚያው ቲኬት ውስጥ አስገቡት። ቦሌ ላይ ሻንጣችሁን ሲቀበሏችሁ መለያው ወረቀት ላይ የመጨረሻው ከተማ ኮድ መኖሩን በዓይናችሁ እዩ።

"ከኤርፖርት አልወጣም፣ ቪዛ ምን ያደርግልኛል?"

በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለምንጓዝ ይሄ አባባል አይሠራም። ኢትዮጵያ በአውሮፓ የጋራ የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ዝርዝር ውስጥ ካሉ አገሮች አንዷ ናት። አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ ፍራንክፈርት የሚያርፍ ሰውም የትራንዚት ቪዛ ያስፈልገዋል። የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የጃፓን ቪዛ፣ ወይም የእነዚህ አገሮች መኖሪያ ፈቃድ በእጁ ያለና ቀኑ ያላለፈበት ሰው ግን ነፃ ነው። ለንደን የምትሄዱ የጀርመንን ኤምባሲ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሌላም ወጥመድ አለ። ከፍራንክፈርት አምስተርዳም፣ ከአምስተርዳም ኒውዮርክ የሚል ቲኬት ብትቆርጡ፣ በሁለቱ የአውሮፓ ከተሞች መካከል ያለው በረራ እንደ አገር ውስጥ በረራ ነው የሚታየው። ስለዚህ ሙሉ የሸንገን ቪዛ ይጠየቃል። እንደ አክስቴ መድረሻችሁ ስዊድን፣ ጣሊያን ወይም ሌላ የሸንገን አገር ከሆነ ደግሞ መግቢያ ማህተሙ፣ ጥያቄውና ወረፋው ፍራንክፈርት ላይ ነው። የግብዣ ደብዳቤውንና የኢንሹራንሱን ወረቀት በምትልኩት ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ።

ጊዜውን አጥብቦ መቁረጥ

ፍራንክፈርት ላይ አየር መንገዶች ለመቀያየሪያ የሚሸጡት ትንሹ ጊዜ 45 ደቂቃ ነው። በሥርዓቱ ይቻላል። ለለመደና ለሚሮጥ ሰው ነው። ለእኛ እንዲህ ብላችሁ ቁጠሩት። ከአውሮፕላን መውረድ አለ። ከኢትዮጵያ የመጣ ሰው እንደገና የደኅንነት ፍተሻ አለበት። ወደ ሸንገን አገር የሚገባ ከሆነ የፓስፖርት ወረፋ ይጨመራል። ከጥቅምት 2 ቀን 2018 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ አውሮፓ ለአጭር ጊዜ የሚገቡ የውጭ ዜጎችን አሻራና ፎቶ መመዝገብ ጀምራለች፤ የመጀመሪያ ጊዜ ገቢ ከሆናችሁ ይሄም ጊዜ ይወስዳል። በሩ የሚዘጋው ደግሞ መነሻው ሰዓት ከመድረሱ በፊት ነው። ለወጣት ከ2 ሰዓት፣ ለእናትና አባት ከ3 ሰዓት ያነሰ አልቆርጥም። ቁጭ ብሎ መጠበቅ ማንንም አልጎዳም።

የመጀመሪያው ትራንዚት አባይ በረሃ ነው

ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደጀንን አልፎ ቁልቁለቱ ላይ አንድ ከባድ መኪና ቢበላሽ ሰዓታት ይሄዳሉ። መንገድ የሚዘጋበት ቀንም አለ። "ጠዋት ተነስቼ ማታ ለበረራ እደርሳለሁ" የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ እጨነቃለሁ። ሁለት ቀን አስቀድሙ። አዲስ አበባ ዘመድ ቤት እደሩ።

ጸበልና ማር በእጅ ሻንጣ

ይሄኛው ልብ ይነካል። ፍተሻው ላይ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ፈሳሽ አያልፍም። ጸበል ፈሳሽ ነው። ማር ፈሳሽ ነው። አዋዜም ፈሳሽ ነው። ለልጅ ብላ ተሸክማ የመጣችውን የጸበል ጠርሙስ ፍተሻ ላይ ስትቀማ ያለቀሰች እናት አይቻለሁ። ሁሉንም በሚላከው ሻንጣ፣ በፌስታል ደራርባችሁ እሰሩት። የጎጃም ማር ለራስ ፍጆታ እስከ 2 ኪሎ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ይገባል። ቅቤ፣ አይብና ቋንጣ ግን ክልክል ናቸው፤ ቢገኙ ይወረሳሉ። ጋቢና ነጠላ በፍተሻው ላይ ይወልቃል፤ እናቶችን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፣ እንዳይደነግጡ።

ሰው ተከትሎ መሄድ

ከአውሮፕላን የወረደው ሁሉ ወደ እናንተ መድረሻ አይሄድም። ግማሹ ጀርመን የሚቀር ነው። የሻንጣ ሥዕል ያለበትን ምልክት የተከተለ ሰው ወደ መውጫ ይሄዳል። እናንተ የምትከተሉት የበራችሁን ፊደልና ቁጥር ነው። በተርሚናል 1 ውስጥ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እና ዜድ የሚባሉ ክፍሎች አሉ። ኤ እና ዜድ አንድ ሕንፃ ላይ ከታችና ከላይ ናቸው። ኤ ለሸንገን በረራ፣ ዜድ ከሸንገን ውጭ ለሚሄድ። ተርሚናል ከተርሚናል የሚያገናኝ ስካይላይን የሚባል ባቡር አለ፤ አይከፈልበትም። በር ይቀየራልና ስክሪኑን ደጋግማችሁ እዩ። ቦሌ ላይ የተሰጣችሁን ቁጥር ብቻ አትመኑ።

እናትን ያለ ረዳት መላክ

ጉልበቷን የሚያማትን፣ ብዙ መራመድ የማትችለውን እናት ለምን ብቻዋን እናንገላታለን? የዊልቸር እርዳታ በአውሮፓ ሕግ ከክፍያ ነፃ ነው። ቲኬት ሲቆረጥ፣ ቢዘገይ ከበረራው 48 ሰዓት በፊት ይጠየቃል። ከአውሮፕላኑ በር ተቀብለው እስከሚቀጥለው በር ያደርሳሉ። አንዳንድ እናቶች "አካል ጉዳተኛ ነሽ ሊሉኝ ነው?" ብለው ያፍራሉ። ቀስ ብላችሁ አስረዱ።

ቢያመልጣችሁስ?

ከትራንዚቱ ክልል አትውጡ። ያመጣችሁን አየር መንገድ የትራንስፈር ጠረጴዛ ፈልጋችሁ ቦርዲንግ ፓሱን አሳዩ። አንድ ቲኬት ከሆነና ያዘገያችሁ የመጀመሪያው በረራ ከሆነ ሌላ በረራ ይሰጧችኋል። ሆቴል ቢሰጧችሁም ያለ ሸንገን ቪዛ ከኤርፖርቱ መውጣት አትችሉም፤ እዚያው ታድራላችሁ። ስለዚህ መድኃኒት፣ ቻርጀርና ጋቢ ከእጅ አይለዩ። በመልስ ጉዞ፣ ከአውሮፓ ስትነሱ፣ በአየር መንገዱ ጥፋት ከ3 ሰዓት በላይ ዘግይታችሁ ከደረሳችሁ እስከ 600 ዩሮ ካሣ የመጠየቅ መብት አላችሁ።

አክስቴ ስትመለስ ልጇ በወረቀት ጽፋ በአንገቷ አንጠለጠለችላት። ሦስት መስመር ብቻ ነው። የበሩ ፊደልና ቁጥር። "ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ይሄን ሲመስል ተነሺ" የሚል ቁጥር። ከታች የልጇ ስልክ።