የቤት ውስጥ ትምህርት ዕቅድን በየዓመቱ ስለ መከለስ

በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት ልጆቻችሁን በቤት የምታስተምሩ ወላጆች፣ የዓመቱን ዕቅድ የምትከልሱበትን ጊዜ ከሕጉ ቀነ ገደብ ጋር ብታያይዙት እጅግ ይጠቅማችኋል። ሕጉ የልጁን የትምህርት መሻሻል የሚያሳይ ማስረጃ እስከ ኦገስት 1፣ የአዲሱን ዓመት ማሳወቂያ ደግሞ እስከ ኦገስት 15 ለአካባቢው የትምህርት ኃላፊ እንዲቀርብ ያዛል። ስለዚህ በጁን ወር፣ ያለፈው ዓመት ገና ከአእምሮ ሳይጠፋ፣ ደብተሮቹን ዘርግታችሁ የት እንደ ፈጠነና የት እንደ ተቸገረ ከልጁ ጋር ተመልከቱ።

በእኛ ቤት በመጀመሪያው ዓመት 33ቱን ፊደላት ከነሰባት ድምፃቸው በገበታ ማስቆጠር ለልጃችን በጣም ተስማምቷት ነበር፤ በሁለተኛው ዓመት ግን ያው ገበታ ስለ ሰለቻት፣ ለአያቷ በየሳምንቱ አጭር ደብዳቤ እንድትጽፍ አደረግን፤ ንባቧም ጽሕፈቷም ተሻሻለ። የሂሳብ መጽሐፏን ግን አልነካነውም፤ ሁሉን በአንድ ጊዜ የለወጠ ወላጅ የትኛው ለውጥ እንደ ረዳ ለይቶ ማወቅ ይቸግረዋልና። ማሳወቂያው ስለ ሥርዓተ ትምህርቱ የሚጠይቀው የትምህርት ዓይነቶችን ዝርዝር ብቻ ስለሆነ፣ ያልሠራ መጽሐፍ ካጋጠማችሁ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ሳትጠብቁ ቀይሩት።