የአማርኛ ሰነድ በዎርድ ሲዘጋጅ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

አንዲት ተመራቂ የመመረቂያ ጽሑፏን እንዳርምላት ልካልኝ ፋይሉን በራሴ ኮምፒዩተር ስከፍተው የሽፋኑ ግማሽ ወደ ሁለተኛው ገጽ ወርዶ፣ የማውጫውም የገጽ ቁጥሮች ወዲያና ወዲህ ተበታትነው አገኘኋቸው። በእሷ ኮምፒዩተር ላይ ግን ያው ጽሑፍ እንከን የሌለው ይመስል ነበር፤ ምክንያቱም ሁሉም ነገር በዓይን ግምት የተደረደረ ነበር።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ጽሑፍን በስፔስ መግፋት ነው። በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ቁጥርና ቀን በስተቀኝ አንዱ ከሌላው ሥር ይጻፋሉ፤ ብዙ ጸሐፊዎች እዚያ ለመድረስ ስፔስን ሠላሳና አርባ ጊዜ ይመታሉ። የስፔስ ስፋት እንደ ፎንቱና እንደ ፊደሉ መጠን ስለሚለያይ፣ ፎንቱ በተቀየረ ቁጥር ሁለቱ መስመሮች ይዛነፋሉ። መፍትሔው ከላይ ባለው ማስመሪያ ላይ የታብ ምልክት አስቀምጦ በየመስመሩ ታብን አንድ ጊዜ ብቻ መምታት ነው።

አዲስ ገጽ ለመጀመር ኢንተርን ደጋግሞ መምታትም የዚሁ ልማድ ወንድም ነው፤ ከላይ አንድ አንቀጽ ሲጨመር የምዕራፉ ርዕስ ወደ ገጹ መካከል ይንሸራተታል። ኮንትሮልን ይዞ ኢንተርን አንድ ጊዜ መምታት ይበቃል።

ርዕሶችን በማድመቅና በማተለቅ ብቻ መለየት ዎርድ ርዕስ መሆናቸውን እንዳያውቅ ያደርገዋል። ለምዕራፍ ሄዲንግ 1፣ ለንዑስ ርዕስ ሄዲንግ 2 የተባሉትን ስታይሎች (በዎርድ ውስጥ የተዘጋጁ የጽሑፍ ቅርጾች) የተጠቀመ ሰው ማውጫውን በእጁ አይጽፍም፤ ሰነዱ ሲለወጥ ማውጫው ላይ ሆኖ ኤፍ 9ን መጫን ብቻ ይቀረዋል።

የእኛው ፊደል የራሱ ስህተት አለው። አራት ነጥብን ሁለት ሁለት ነጥቦችን አከታትሎ (፡፡) መጻፍ በጣም ተለምዷል። ለዓይን ከ። ጋር አንድ ይመስላል፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ሁለት ምልክት ስለሆነ ። ብሎ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም። ኮንትሮልና ኤችን ተጭኖ ፡፡ን በ። መተካት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ከአራት ነጥብ በፊት ስፔስ የሚተዉም አሉ፤ ዐረፍተ ነገሩ መስመሩ ጫፍ ላይ ሲያልቅ ነጥቡ ብቻውን ወደ ቀጣዩ መስመር ይወርዳል፣ ይህም ያስቀኛል።

ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒዩተሮች ለየቋንቋው ፊደል የጋራ ቁጥር የሚሰጡበት መለኪያ፣ የኢትዮጵያን ፊደል ያካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩ ፎንቶች የአማርኛን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ስለነበር፣ በእነርሱ የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ድርድር ይሆናል። እንደ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ ባሉ የዩኒኮድ ፎንቶች መጻፍ ከዚህ ያድናል። የመስመር ርቀትን «ኤግዛክትሊ» በሚለው ምርጫ አጥብቦ መወሰንም የፊደሎቻችንን አናት ሊቆርጥ ስለሚችል «መልቲፕል» የሚለው ይመረጣል።

የወረቀቱን መጠን መጀመሪያ ማረጋገጥ የሚረሱ ብዙዎች ናቸው። ዎርድ በሌተር መጠን፣ ማለትም በ21.59 በ27.94 ሳንቲ ሜትር ተከፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ማተሚያው ላይ ያለው ኤ4 ደግሞ 21 በ29.7 ነው። ይህ ከመጻፍ በፊት ካልተስተካከለ ገጾቹ በሙሉ በመጨረሻው ሰዓት እንደገና ይከፋፈላሉ።