የሕዝብ አቤቱታን በቴሌግራም እንዴት እንቀበል?

አንድ የምክር ቤት አባል ቢሮ ውስጥ ትሠራላችሁ እንበል፤ መራጩ ደግሞ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የሚኖረው። በቻናል አትጀምሩ። ቻናል ላይ የምታወሩት እናንተ ብቻ ናችሁ፣ ሰው ግን መናገር ነው የሚፈልገው። ይልቅ አቤቱታ ሲገባ ወዲያው ቁጥር የሚሰጥ ቦት (በራሱ የሚመልስ የቴሌግራም ፕሮግራም) አሠሩ። «አቤቱታዎ ደርሶናል፣ ቁጥርዎ 214 ነው» የተባለ ሰው ቢያንስ ጩኸቱ ሜዳ ላይ እንዳልቀረ ያውቃል።

የድምፅ መልእክት ክፍት ይሁን። አራተኛ ፎቅ ላይ ጀሪካን የሚያስወጡ እናት ውሃ መጥፋቱን ከሚጽፉ ይናገሩታል፣ ያውም ከነንዴታቸው። ማዳመጡ ጊዜ ይበላል፣ እውነት ነው፤ ስለዚህ ብሎኩን፣ ቀኑንና ችግሩን ብቻ ኤክሴል ላይ የሚመዘግብ አንድ ሰው መድቡ። ስማርት ስልክ ለሌለው ኤስኤምኤስ ይበቃል። የመታወቂያ ፎቶ ግን ግሩፕ ላይ እንዳይለጠፍ!

የወረዳውን ጉዳይ ለወረዳ ምሩ፣ ለባለጉዳዩም ንገሩት። የፌዴራል ፓርላማ አባል የደረጃ አምፖል አይቀይርም።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 58 መሠረት የተወካዮች ምክር ቤት ዓመታዊ የሥራ ጊዜ ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ነው። እናም ክረምት ላይ አባሉ ወደ መራጩ ሲወርዱ የተመዘገበውን አትማችሁ አስይዟቸው፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰብስቦ «ችግራችሁ ምንድን ነው?» ብሎ ከዜሮ መጀመር ያናድዳል። የተፈታውን አስቀድሙ፤ ያልተፈታው ደግሞ የትኛው ቢሮ ጠረጴዛ ላይ እንደቆመ በግልጽ ይነገር።